ወፍ ያልቀመሰው ውሃ

በጀልባዎች መካከል ዕድሜዬን ጨርሼ አንድም ቀን ጀልባ ነድቼ አላውቅም። ጡረታ የወጣሁ ዕለት ልጆቼ ጀልባ የተሣለበት ኬክ ይዘው መጡ። ይህንኑ ስነግራቸው ሳቁ። ታናሿ ሳቋን ስትጨርስ፣ «ታዲያ እማዬ፣ ያን ሁሉ ዓመት እዚያ ምን ስትሠሪ ነበር?» አለችኝ።

ደነገጥኩ። በዚያ ሥራ ያሳደግኳት ልጅ ናት። ግን አልፈርድባትም። ቤት ስገባ እጄን እስከ ክርኔ ታጥቤ ስለ ትምህርታቸው እጠይቃለሁ እንጂ ስለ ሥራዬ አላወራም ነበር። ማዕድ ላይ የሚነሣ ሥራ አልነበረም። ጀልባ አጸዳለሁ፤ የጀልባ ሽንት ቤት በፓምፕ አስመጥጣለሁ፤ የሰው ቆሻሻ ሐይቅ ውስጥ እንዳይገባ እጠብቃለሁ። የቀረውን በጽሑፍ ብነግራት ይሻላል ብዬ ተቀመጥኩ።

ቶሮንቶ የገባሁት ከሱዳን ነው፣ ሁለት ልጆች ይዤ። አባታቸውን እዚያው ቀብሬ ነው የመጣሁት። ቶርንክሊፍ ፓርክ በሚባል ሰፈር ካሉት ረጃጅም ሕንፃዎች በአንዱ ቤት አገኘን። መጀመሪያ የቢሮ ፎቅ፣ ቀጥሎ ሆቴል አጸዳሁ። የሆቴሉ አለቃ አልጋ ስናነጥፍ ከኋላችን እየመጣች ከበር ጀርባ ያለውን ጥግ በጣቷ የምታብስ ሴት ነበረች። ያኔ አማርራት ነበር። ሰው የማያየውን ቦታ ማጽዳት የተማርኩት ግን ከእሷ ነው፤ እግዚአብሔር ይስጣት። እንደ ፈረንጆቹ አቆጣጠር በዘጠናዎቹ አጋማሽ ላይ አንዲት የቤተ ክርስቲያን እኅት፣ ሐይቁ ዳር ያለ የጀልባ ማቆሚያ ሰው ይፈልጋል ብላ ነገረችኝ። ደመወዙ ከሆቴሉ ትንሽ ይሻል ነበር። ስለ ገንዘቡ ከዚህ በላይ የምለው የለኝም፤ ልጆቼ አልተራቡም፤ ተመስገን።

ቦታውን ማሪና ይሉታል። በድንጋይ የታጠረ ጸጥ ያለ ውሃ ነው። በውስጡ ዶክ የሚባሉ ተንሳፋፊ የእንጨት መንገዶች ተዘርግተዋል፤ ጀልባዎቹ እንደ ከብት ግራና ቀኝ ይታሰሩባቸዋል። ከድንጋዩ ወዲያ ሐይቁ ነው፤ ማዶው አይታይም። የመጀመሪያ ቀን ባሕር መስሎኝ በጣቴ ነክቼ ቀመስኩት፤ ጨው የለውም። ያን ያህል የሚጠጣ ውሃ በአንድ ቦታ አይቼ አላውቅም ነበር። ቆሜ አማተብኩ።

በዚያው ሳምንት ሌላ ነገር አየሁ። የአንድ ጀልባ መስኮት በውጭ በኩል እየወለወልኩ ሳለ ባለቤቱ ሽንት ቤት ገባ። የእጅ ፓምፕ ሲንቋቋ ሰማሁ፤ ወዲያው ከጀልባዋ ጎን፣ ከእግሬ ሥር ወጣ። ምን እንደወጣ መጻፍ አያስፈልግም። ጨርቄን እንደያዝኩ ክው ብዬ ቀረሁ። እኛ አገር ከምንጭ በላይ ልብስ ያጠበች ሴት እንኳ ስሟ ሲነሣ ይኖራል። ሰውየው ወጥቶ ፈገግ ብሎ እንደምን አደርሽ አለኝ።

ክላረንስን ያወቅኩት ያን ዕለት ነው። የማሪናው የጥገና ኃላፊ ነበር፤ ስልሳ የተጠጋው፣ አጭር፣ ፊቱ በንፋስ የተሰነጣጠቀ ሰው። ያደገው ኒውፋውንድላንድ በምትባል የአትላንቲክ ደሴት ነው። አያቱም አባቱም እሱም ዓሣ አጥማጆች ነበሩ። ኮድ የሚሉት ዓሣ ሲመናመን መንግሥት ማጥመዱን ዘጋ፤ እሱም ሥራ ፍለጋ ቶሮንቶ መጣ። እንደኔው ስደተኛ ነው ብዬ አስብ ነበር። አነጋገሩንም የከተማው ሰው እንደኔው «እስቲ ድገመው» ይለው ነበር።

ፊቴን አይቶ ምን ሆንሽ አለኝ። በጣቴ ውሃውን አሳየሁት። ሄዶ ባለ ጀልባውን በዝግታ አነጋገረው፤ ሰውየው እስከ ጆሮው ቀላ። ከዚያ ወደ እኔ ተመልሶ የምጠጣው ውሃ ከየት እንደሚመጣ ጠየቀኝ። ከቧንቧ አልኩት። ቧንቧውስ ከየት ነው አለኝ፤ መልሴንም ሳይጠብቅ በአገጩ ወደ ሐይቁ ጠቆመ። ያን ዕለት ማታ ልጆቼ የውሃ ብርጭቆ ሲያነሡ ከእጃቸው ወሰድኩባቸው። በማግስቱ ስነግረው፣ ከተማው ማጣሪያ አለው፣ ልጆችሽ ይጠጡ አለ። ትንሽ ቆይቶ ግን፣ «ማጣሪያ አለ ተብሎ ድስት ውስጥ አይተፋም» ሲል ጨመረ።

ሥራውን ያስተማረኝ እሱ ነው። በቦርሳዬ ይዤው የመጣሁትን በረኪና አውጥቶ መደርደሪያ ላይ አስቀመጠና «ይሄ ለቤትሽ» አለኝ፤ በምትኩ ኮምጣጤና ሶዳ ሰጠኝ። በጀልባው ሆድ ሥር የሚጠራቀመውን ውሃ ወደ ውጭ ከመግፋቴ በፊት ዘይት የሚመጥ ጨርቅ አንጥፌ እንድጠብቅ አሳየኝ። በጸደይ የጀልባውን ታች ስንፍቅ የሚረግፈው ቀለም መርዝ ነው፤ ሸራ ሳናነጥፍ አንነካውም ነበር። ሽንት ቤት ስናስመጥጥ ደግሞ በጆሮዬ እንድሠራ አስለመደኝ። ታንኩ ሙሉ ሲሆን ፓምፑ ወፍራም ድምፅ አለው፤ ሲያልቅ ይቀጥናል፤ አየር ሲስብ ያፏጫል። ከዚያ ንጹሕ ውሃ ጨምሮ፣ ቱቦው ላይ ባለው የመስታወት ቀለበት የሚያልፈው እስኪጠራ ደግሞ መምጠጥ ነው።

የራሱ ልማዶች ነበሩት። የሻይ ቅጠሉን እንኳ ውሃው ውስጥ አይደፋም፤ እስከ ቆሻሻ መጣያው ተሸክሞት ይሄዳል። ሥራዬ ጥሩ ሲሆን ዝም ብሎኝ ያልፋል፤ ካልሆነ አጠገቤ ቆሞ ራሴ እስካየው ይጠብቃል። ጠዋት ጠዋት ዶኩ ላይ በሆዱ ተኝቶ ኮፍያውን ወደ ኋላ አዙሮ አፍንጫው ውሃ እስኪነካ ቁልቁል ያያል። ምን እንደሚያይ ጠየቅኩት።

«ትናንት ያልነበረውን» አለኝ።

እማማ ዘርፌ በሕንፃችን ከእኛ በላይ ባለው ፎቅ ከልጃቸው ከአልማዝ ጋር ይኖሩ ነበር። እኔ ሥራ ስውል ልጆቼን የሚጠብቁልኝ እሳቸው ነበሩ። እሳቸው ባይኖሩ አንድ ቀን ሠርቼ አላድርም ነበር። ጉልበታቸውን ያማቸዋል፤ የቧንቧ ውሃ ደግሞ መድኃኒት መድኃኒት ይሸተኛል ይላሉ። አገር ቤት ሳሉ ሰማይ ሳይነጋጋ ወፍ ያልቀመሰው ውሃ ቀድተው፣ ተጸልዮበት፣ ጠበላቸውን ጠጥተው ነው ቀኑን የሚጀምሩት። ሐይቅ ዳር እንደምሠራ ሲሰሙ ዓይናቸው በራ።

ቅዳሜ ቅዳሜ በመጀመሪያው አውቶቡስ አብረውኝ ይመጡ ጀመር፤ ነጠላቸውን ተከናንበው፣ ቢጫ ጀሪካን ይዘው። ዶኩን በዘንግ እየተደገፉ እስከ መጨረሻው ይሄዱና ተንበርክከው፣ አማትበው ይቀዳሉ። ውሃውን ቄሱ ይጸልዩበታል። ክላረንስ ለምን እንደሚቀዱ ጠየቀኝ፤ ለጸሎት ነው አልኩት። ራሱን ነቀነቀ። በእሱ ቤተ ክርስቲያን የተባረከ ውሃ በጣት ተነክቶ ግንባር ላይ የሚደረግ ነው፤ የእኛንም እንደዚያ መሰለው። እኔም ሌላ ነገር መጨመር እንዳለብኝ አልታየኝም። ለእኛ ለጸሎት ካሉት ሌላው ሁሉ ተነግሯል።

የሐይቁ ወፎች ግን እንቅልፍ የላቸውም። ገና ሳይነጋ ዶኩን ሞልተውት ይጮኻሉ። አንድ ቀን ክላረንስ በዘንጋቸው ወፍ ሲያባርሩ አይቶ ጠየቀኝ፤ የወፉን ነገር ስነግረው፣ እነዚህ ወፎች ሌሊቱን ሙሉ ሲጠጡ ነው ያደሩት፣ ንገሪያት አለኝ። ነገርኳቸው። እማማ ዘርፌ ወፎቹን ዞር ብለው ገረመሟቸው።

«እነሱ የሚጠጡት በዚያ በኩል ነው» አሉ። «እዚህ ጋ እኔን ይፈራሉ።»

ስተረጉምለት ኮፍያው እስኪወድቅ ሳቀ። ከዚያ ወዲያ ቅዳሜ ሲሆን እያጨበጨበ ከፊታቸው ይሄዳል፤ ወፎቹ ይነሣሉ፤ እሳቸው ይከተላሉ። ሁለቱ አንዲት የጋራ ቃል ሳይኖራቸው ወዳጅ ሆኑ።

በዚያ ሰመር ውሃው እንደ መስተዋት ጠርቶ ነበር። ታች ያለው ጠጠር አንድ በአንድ ይታያል። ባለ ጀልባዎቹ ሁሉ ሐይቁ ዳነ፣ ጸዳ ይሉ ነበር። እኔም አመሰገንኩ። ክላረንስ ብቻ ደስ አላለውም። በዶኩ መጨረሻ አካባቢ፣ ከታች ድንጋዮቹ ላይ አረንጓዴ ነገር እንደ ጠጉር በቅሎ ነበር፤ ሌላ ቦታ የለም፤ እዚያ ብቻ። አንድ ጀልባ ያፈስሳል ብሎ ጠረጠረ። መፈተሻው ቀላል ነው። አረንጓዴ ቀለም ይበጠበጥና ሽንት ቤቱ ውስጥ ይፈስሳል፤ ከዚያ ፓምፑን መትቶ ሐይቁን ማየት ነው። ቀለሙ ውሃው ላይ ከወጣ ይፈስሳል ማለት ነው። በዚያ አካባቢ የታሰሩትን ጀልባዎች አንድ በአንድ ፈተሸ፤ ምንም አልወጣም።

አንዲት ብቻ ሳይፈትሽ ተዋት፤ በዶኩ መጨረሻ የምትታሰረውን ነጭ ጀልባ። ባለቤቶቿ ሚስተር ዋረን የሚባሉ ጡረተኛና ሚስታቸው ነበሩ፤ ዓርብ ማታ እየመጡ የሚያድሩባት፣ በማሪናው ውስጥ ከሁሉ ንጹሕ የሚባሉ ሰዎች። ጀልባዋ ወደ ውጭ መልቀቅ ከሚፈቀድበት ከባሕር በኩል የመጣች ስለሆነች የሽንት ቤቷ ቧንቧ ሁለት መንገድ ነበረው፤ አንዱ ወደ ታንክ፣ አንዱ ወደ ውጭ። የውጭው ተነቅሎ መደፈን ነበረበት፤ ጀልባዋ ውሃ ላይ የምትወርድበት ቀን ስለደረሰ ግን ክላረንስ ለጊዜው መሐል ላይ እጀታው ሲዞር መንገድ የሚቀይር አዲስ ቫልቭ ገጥሞ መንገዱን ዘጋው። በገዛ እጁ የዘጋውን መፈተሽ አላስፈለገውም።

እኔም በጆሮዬ ሰምቼው ነበር። የዋረኖቹን ታንክ ሳስመጥጥ ፓምፑ ገና ከመጀመሩ ያፏጫል። ባዶ ነው ማለት ነው። ጨዋ ሰዎች ናቸው፣ የማሪናውን ሽንት ቤት ነው የሚጠቀሙት ብዬ በልቤ መረቅኋቸው።

ፍልሰታ ገባ። እማማ ዘርፌ ፍልሰታን አጥብቀው ነው የሚጾሙት፤ እስከ ማታ ድረስ እህል በአፋቸው አይዞርም፤ ሲፈቱም በባዶ ሆዳቸው በጠበሉ ነው የሚፈቱት። ጾሙ ሊጋመስ ሲል ሆዳቸውን አመማቸው። ጾሙ ነው አሉ። ቀጥሎ ትኩሳት መጣ፤ ቀጥሎ መቆም አቃታቸው። አልማዝ ሥራ ቦታ ኮል አደረገችኝና እያለቀሰች እማዬን ሆስፒታል አስገቧት አለችኝ።

ስደርስ ሰውነታቸው አልጋው ውስጥ የለም ማለት ይቻላል። ኩላሊታቸው እየደከመ ነው አሉን። ሐኪሙ ምን በሉ፣ ምን ጠጡ እያለ ደጋግሞ ጠየቀ። አልማዝ እውነቷን መለሰች፤ ጾም ላይ ነበሩ፣ ሽሮ ነው፣ ዳቦ ነው፣ እኛ የበላነውን ነው። እኔም አረጋገጥኩላት። ጠበል መብልና መጠጥ ውስጥ የሚቆጠር አይደለምና ለሁለታችንም ትዝ አላለንም። እንዲያውም ሕመሙ ሲበረታባቸው አልማዝ በትንሽ ጠርሙስ አምጥታ በየሰዓቱ ታስጎነጫቸው ነበር። እየባሰባቸው ሲሄድ ጨመርንላቸው።

ማታ ተረኛዋ ነርስ መጣች። አንገቷ ላይ መስቀል ያሰረች፣ ድምፅዋ ዝግ ያለ ፊሊፒናዊት ነበረች። ሐኪሙ የጠየቀውን እንደ አዲስ ጠየቀችን፤ ከዚያ እየወጣች ሳለ ዞር ብላ፣ «ሌላ ምንም? ውሃም ቢሆን?» አለች።

ዓይኔ ጠርሙሱ ላይ አረፈ። ከራስጌያቸው፣ ከሥዕለ ማርያም አጠገብ ነበር። የቀን ሥራዬ ምን እንደሆነ የዚያን ጊዜ ነው ያስታወስኩት፤ ሌላኛዋ እኔ፣ ቱቦ ይዛ የምትውለዋ፣ ከደጅ ገብታ ጀርባዬን የነካችኝ መሰለኝ።

«ከሐይቁ የተቀዳ ውሃ» አልኩ።

አልማዝ እንደ ሰደብኩ ሁሉ አየችኝ። «ጠበል ነው እኮ ጽጌ» አለችኝ በአማርኛ። ነርሷ ጠርሙሱን በጓንት አነሣችው።

በማግስቱ ለክላረንስ ነገርኩት። ሻይ እየጠጣ ነበር። መጀመሪያ የገባው አልመሰለኝም።

«ትጠጣዋለች?» አለኝ።

አዎ አልኩት።

ጣሳውን ዶኩ ላይ አስቀመጠና የቀለሙን ዕቃ ይዞ ወደ ነጯ ጀልባ ሄደ። ዋረኖቹ አልነበሩም። ቀለሙን ጨመረ፤ እጀታው ወደ ታንክ መዞሩን በጣቱ ነካ አድርጎ አየ፤ እኔ ፓምፑን እንድመታ ነገረኝና ወጥቶ በሆዱ ተኛ። መታሁ። ደግሜ መታሁ። ምንም አላለኝም። ወጣሁ።

አረንጓዴው እማማ ዘርፌ ተንበርክከው ከሚቀዱበት ቦታ ሥር እየተጥመለመለ ይወጣ ነበር። እንደ ጭስ ቀስ ብሎ ወጣ፤ ያን የመሰለ ጥሩ ውሃ ሞላው። እኔ እዚያው ተቀመጥኩ። ክላረንስ ከተኛበት አልተነሣም።

በኋላ ፈቶ አሳየኝ። የቫልቩ እጀታ በሁለቱም በኩል ይገባል። ሲገጥመው ተገልብጦበት ነበር። ከላይ ወደ ታንክ ያመለክታል፤ ውስጡ ወደ ሐይቁ ክፍት ነው። ከጸደይ ጀምሮ ዋረኖቹ ጀልባ ላይ ባደሩ ቁጥር፣ ቅዳሜ ጠዋት፣ ልክ እማማ ዘርፌ በሚመጡበት ሰዓት ወደ ሐይቁ ይፈስስ ነበር። የውሃውንም መጥራት ያን ዕለት ነው ያስረዳኝ። ከሌላ አገር በመርከብ የመጡ ጥፍር የሚያካክሉ ዛጎሎች ሐይቁን ወረውት ነበር፤ ውሃውን እያጣሩ የሚኖሩ ናቸው፤ ጭቃውንና ደለሉን ይበሉታል፣ በሽታውን ግን አይጨርሱትም። ዓይን የሚያየውን ብቻ አጸዱልን።

ቫልቩን እጁ ላይ አገላብጦ አየው። «አንድ ባሕር ሲያልቅ ጀልባው ላይ ነበርኩ» አለኝ። «ከእንግዲህ አይሆንም ብዬ ነው የመጣሁት።»

የማሪናው ሥራ አስኪያጅ ብሩስ ሲሰማ በሩን ዘጋ። አሮጊቷ ከአጥር ውስጥ ምን አገባት፣ ማን ፈቀደላት፣ ነገሩ እዚሁ ይለቅ አለ። ክላረንስ ከመቀመጫው ሳይነሣ ስልኩን አንሥቶ ለሚመለከተው ቢሮ ደወለ። ሰዎች መጡ፤ ወረቀት ተጻፈ፤ ተፈረመ። ሚስተር ዋረን የሆነውን ሲሰሙ ራሳቸውን ይዘው ዶኩ ላይ ተቀመጡ፤ ሚስታቸው አለቀሰች። እጀታውን ሁልጊዜ እያዩ ነበርና የሚጠቀሙት፣ ምን ይባላል።

ክላረንስ ከሥራ ሲወጣ ሆስፒታል ይመጣ ጀመር። የቤተሰብ ሰው ስላልሆነ አያስገቡትም። ኮፍያውን ጭኑ ላይ አድርጎ ኮሪደር ላይ ይቀመጣል። አልማዝ በአጠገቡ እያለፈች አታየውም። ቤተ ክርስቲያን ተጸለየ፤ ቄሱ ጠበሉን ሲሰሙ ፊታቸው ጠቆረ፤ ቀጥሎም፣ ውሃ ከቧንቧም ተቀድቶ ይባረካል፣ እግዚአብሔር ምንጩን አይንቅም ብለው ለሕዝቡ አስታወቁ። መድኃኒቱ በሽታው ከታወቀ በኋላ በትክክል ተሰጠ። ከእነዚህ ሁሉ የትኛው እንዳዳናቸው ለመናገር እኔ ማነኝ። እማማ ዘርፌ ዓይናቸውን ገለጡ። ኩላሊታቸውም ተመለሰ።

ለመናገር አቅም ሲያገኙ ክላረንስ እንዲገባ ለመንኩ። የአልጋውን እግር ይዞ ቆመ። ለእኔ፣ «ያመማት ውሃው ነው፤ ውሃውን ያበላሸሁት እኔ ነኝ። አታለሰልሺው» አለኝ።

አላለሰለስኩትም። ስተረጉም አልማዝ ፊቷን ወደ መስኮቱ አዞረች።

እማማ ዘርፌ ክላረንስን ትኩር ብለው አዩት። ከዚያ ሆን ብሎ እንደሆነ ጠየቁኝ። አይደለም አልኳቸው። ሲያውቅ ደብቆ እንደሆነ ጠየቁኝ። አልደበቀም፣ የከሰሰውም ራሱ ነው፣ እዚህ ደጅ ነው የሰነበተው አልኳቸው።

«ታዲያ አሁን ምን ሊያደርግ ነው?»

ጠየቅኩት። ዕቃውን መኪናው ላይ እንደጫነ፣ ሥራውን እንደሚለቅ፣ ከእንግዲህ የማንንም ጀልባ እንደማይነካ ነገረኝ። ይህ ግን ለእኔም አዲስ ነበር። ነገርኳቸው።

እማማ ዘርፌ ከትራሱ ቀና ለማለት ሞከሩ።

«እኔን እንዲህ አድርጎኝ ሊሄድ? ንገሪው» አሉ። «እኔ በተኛሁበት የተማረውን ሌላ ሰው እስኪማረው ድረስ ማን ታሞ ሊተኛ ነው? ተመልሶ የነካውን ሁሉ ይይ። አንድም ሳይቀር። ካሳዬ እሱ ነው።»

ለክላረንስ ተረጎምኩለት። እማማ ዘርፌ ከራስጌያቸው ያለውን የውሃ ኩባያ አነሡና፣ ይሄኛውስ ከየት ነው ሲሉ ጠየቁት። ከዚያው ሐይቅ ነው፣ ተጣርቶ ነው አላቸው በእኔ በኩል። እጃቸው ኩባያውን እንደያዘ ቀረ። ያን ጊዜ ከእኔ ይልቅ እሳቸው ሲደነግጡ አየሁ። ስለ ራሳቸው አልነበረም።

«ይሄ ሁሉ ሕዝብ?» አሉኝ። «ሕፃናቱም?»

አዎ አልኳቸው።

አማተቡና ጠጡት። ከዚያ ለአልማዝ፣ «ለሰውየው ወንበር ስጪው፤ ቆሞ ነው እኮ» አሏት። አልማዝ ከመስኮቱ ዞረች፤ ወንበሩንም ሰጠችው።

ክላረንስ ዕቃውን ከመኪናው አወረደ። ያን መኸር በእጁ ያለፈውን ጀልባ ሁሉ እንደገና ፈተሸ። የእሱ ስህተት ያልሆኑ ሌሎች ፍሳሾችም ተገኙ፤ ማንም ሳያያቸው የኖሩ። በራሱ ሥራ ላይ ቀለም የማፍሰሱን ነገር ግን ለእኔ ሰጠኝ። የሠራ ሰው የሠራውን አይፈትሽም አለ፤ የራስ ሥራ ሁልጊዜ የተዘጋ ይመስላል። ብሩስ ሁለት ሰው ለአንድ ሥራ ብሎ አጉረመረመ፤ ኋላ ግን ተወው። እኔም ከጽዳት ወጥቼ ፈታሽ የሆንኩት እንዲህ ነው። በኋላ በሠራሁባቸው ሌሎች ማሪናዎችም ይህንኑ ሥራ ይዤ ሄድኩ። ከአለቆቼ ጋር የተጣላሁትም፣ የታረቅኩትም በዚሁ ነው።

እማማ ዘርፌ በሚቀጥለው ሰመር አንድ ቅዳሜ ይዘሽኝ ሂጂ አሉኝ። ጀሪካኑን ይዘው ነበር። ደነገጥኩ፤ ግን አልከለከልኳቸውም። ዶኩ መጨረሻ ሲደርሱ ሳይቀዱ ጀሪካኑን ለክላረንስ ሰጡት።

«ለዚያ ቀለም ይሁን» አሉት። «እሱም ጸሎት ነው።»

ከዚያ ወዲያ ቀለሙን የምንበጠብጠው በዚያ ቢጫ ጀሪካን ነበር። ከዓመታት በኋላ እማማ ዘርፌ በዕድሜያቸው፣ በአልጋቸው፣ ቆርበው ዐረፉ። ክላረንስ የሌሎቹን ጫማ አይቶ የራሱን ከበሩ ላይ አወለቀ፤ ፍትሐቱ እስኪያልቅ በካልሲ ቆመ። አልማዝ መጥታ አጠገቡ ቆመች። ጡረታ ወጥቶ ወደ ደሴቱ ሲመለስ ጀሪካኑን እኔ ዘንድ ተወው፤ በጥሩ ሥራ ላይ ዝም እንደሚለው ዝም ብሎኝ አለፈ።

ልጄ፣ ያን ሁሉ ዓመት የሠራሁት ይህን ነው። የሥራዬ የመጨረሻ ቀን ጠዋት አንዲት ጀልባ ነበረችብኝ። በጀሪካኑ ቀለሙን በጥብጬ አፈሰስኩ፤ የሥራ ባልደረባዬ ፓምፑን መታች። እኔ ዶኩ ላይ በሆዴ ተኛሁ። በዚህ ዕድሜ መተኛቱ ቀላል ነው፤ መነሣቱ ነው የሚከብደው። ወፎቹ ይጮኻሉ። ውሃው አፍንጫዬ ሥር ነበር። በቃሽ እስክትለኝ ድረስ ተኝቼ ጠበቅኩ።

ምንም አልወጣም። ተመስገን።